የመስኮቱ አልጋ

ቅዳሜ ሚያዝያ 27፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከየካ አባዶ ሰንዳፋ የሚሄደው አውቶቡስ ሐመልማል አበጋዝን አላሳፍርም አላት።

መጀመሪያ አምባሯ የቆሸሸ መስሏት ነበር። በሻርፗ ጫፍ ጠረገችውና እንደገና ወደ በሩ አስጠጋችው። በሩ ንቅንቅ አላለም። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሃያ ይሆናል፤ ቅዳሜ ጠዋት አገር ምድሩ ዘመድ ሊጠይቅ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሁሉም አንድ አንድ ነገር አንጠልጥሏል፤ ብርቱካን፣ የሕፃን ልብስ፣ የታጠፈ ጋቢ። ሐመልማል የያዘችው የእናቷን የዓይን ጠብታና ለድድ የማያስቸግር ለስላሳ ዳቦ ነው።

"እናትዬ፣ ካልሄድሽ ዞር በይና ሰው አሳልፊ እንጂ!" አለ ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ።

ያኔ በሩ ተናገረ። ድምፁ የሴት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሰልፉ በሙሉ ይሰማዋል።

"ወይዘሮ ሐመልማል አበጋዝ፣ ዋስ ነዎት። ተጓዦችዎ እስኪመለሱ ድረስ ከክፍለ ከተማዎ መውጣት አይችሉም። ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን።"

"የማን ዋስ?" አለች። በሩ ግን የሚለውን ብሎ ጨርሷል። ጎልማሳው ትከሻዋን ታክኮ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጋቢ የያዙት ሴትዮ ብቻ ሲያልፉ "አይዞሽ፣ ይመለሱ ይሆናል" አሏት፤ ለቅሶ ቤት በሚባልበት ድምፅ ነበር ያሉት።

ሐመልማል ፌርማታው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አሰበች። የፊታችን ማክሰኞ በአራት ሰዓት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ወደ ሻንታሌ ደሴት ትበራለች። ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ተጓዥ ናት። ተጓዥና ዋስ ደግሞ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ሥር መቆጠር ከጀመረ አሥራ ዘጠነኛው ዓመት ነው። ሰው ከአገር ወጥቶ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነገር ድሮ በግምት ነበር፤ አሁን እንደ ትኩሳት ይለካል። እናትህን ስትጠይቅ፣ የጎረቤት በር ስታንኳኳ፣ ደጅህ ላይ የተከልከውን ስታጠጣ፣ ቀብር ስትቆም፣ ሁሉም በአምባርህ ይገባና ሥርህ ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው በዝቷል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል ነበር፤ አሁን እንባው ቢገድምም አምባሩ አያጓድልም። የትኛውም አገር ድንበር ላይ የሚጠየቀው ሥር ስድሳ ነው። ስድሳ ያልሞላ ሰው መውጣት ከፈለገ፣ በእሱ ፈንታ ከክፍለ ከተማው ሳይወጣ የሚጠብቅ ዋስ ያቆማል።

የሐመልማል ሥር ሰማንያ ስምንት ነው። ልሰብስብ ብላ አላመጣችውም። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናት። ድንኳኑ ለማን እንደወጣ፣ አግዳሚው የት እንዳለ፣ የማን ሙት ዓመት መቼ እንደሚውል ከእሷ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንዳፋ ታናሽ እህቷ ዘንድ ያሉትን እናቷን ወይዘሮ ፈትለወርቅን ትጠይቃለች። በቃ፣ ኑሮዋ ይኸው ነው።

ጓደኞቿ ሦስት ናቸው፤ አራቱም የብሎክ 31 ልጆች። ሶስና አራተኛ ፎቅ ናት፤ ከባሏ ተፋትታ፣ አንድ ልጇን ባሕር ማዶ ልካ፣ ብቻዋን የቀረች። ቃለአብ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ቀልድ የሚያበዛ። ምንተስኖት ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ትንሽ የሚናገር፣ መዋሸት የማይሆንለት። ሐመልማል አንደኛ ፎቅ ላይ ናት። ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ልማድ አላቸው፦ ደረጃ ሲወጡም ሲወርዱም የጓደኛን በር ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ማለፍ። ክፈት ማለት አይደለም፣ አለሁ ማለት ነው። ሥር መቆጠር ሲጀምር ይቺም እንደ ጎረቤት ሰላምታ ትያዝ ጀመር፤ እነሱ ግን ሊቆጠርላቸው ብለው አልጀመሯትም።

የሦስቱም ሥር ከአርባ አምስት አይበልጥም። ሐመልማል ብቻዋን መሄድ ትችል ነበር። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃድ ደርሷት "እኔ ብቻዬን ባሕር ዳር ተጎልቼ ከማን ጋር ላወራ ነው?" ብላ አሳልፋዋለች። ያን ቀን ሶስና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳለች። እናም ባለፈው መስከረም፣ ሻንታሌን ውኃ እየበላት ስለሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ትዘጋለች የሚለው ዜና በተሰማ ሰሞን፣ ሶስና ሦስቱንም ቤቷ ጠርታ "ቆይ፣ በቡድን ሲሆን እኮ ሥር ይደባለቃል! የሐሚ ሥር ሁላችንንም ይሸፍነናል" ብላ አበሰረቻቸው።

ሰማንያ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ሰባት፣ አርባ አራት። ሐመልማል የእድር ጸሐፊ ናት፤ ደምሮ ለአራት ማካፈል አያቅታትም፣ ስድሳ እንደማይሞላ በአንድ እስትንፋስ ታውቀው ነበር። ግን ወዳጅ የነገራትን ቁጥር መልሶ መደመር ነውር መሰላት።

ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሶስና ቤት ሲያቅዱ ከረሙ። ምን እንልበስ፣ ምን ይዘን እንሂድ፣ ማን ያንኮራፋል። ሐመልማል በዚህ ዕድሜዋ ከወጣት ማዕከሉ ሕፃናት ጋር ዋና ልትማር ገንዳ ገባች። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ብረት ዘነዘና ነበር የምትሰምጠው፤ ቃለአብ ከዳር ቆሞ "ተዉአት፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋ ላይ ናት!" እያለ ያስቃቸው ነበር። በየካቲት የገንዳውን ወርድ አቋረጠች። ሦስቱም ዳር ቆመው አጨበጨቡላት፤ ምንተስኖት እንባ እንባ ብሎት ነበር።

ደግሞ የአልጋው ጠብ ነበር። በሥዕሉ ላይ እንደታየው የሚያርፉበት ቤት በባሕሩ በኩል አንድ ሰፊ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ የማን ይሁን? ሁለት ሐሙስ ተከራከሩ፤ ሶስና ተቆጣች፣ ሐመልማል አኮረፈች፣ በመጨረሻ እጣ ጣሉና ለሐመልማል ወጣላት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ባሕሩ በዚህ በኩል ነው ብላ ታስብ ነበር። ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ በሕይወቷ እንደዚያ የጓጓችለት ነገር አልነበረም።

አሁን ፌርማታው ላይ ሆና ጥር ላይ የሆነውን አስታወሰች። ጭማቂ ቤት ተቀምጠው ሶስና ሰሌዳ ዘርግታላት "አውራ ጣትሽን እስቲ" አለቻት። "ምንድን ነው?" "የቤቱ ማስያዣ ነው ባክሽ።" ሐመልማል አላነበበችም። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ለግማሹ ሰፈር ዋስ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ወዳጅ ያቀረበውን ወረቀት ፊቱ ላይ ማንበብ ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም ይሉ ነበር። እሷም አሻራዋን ሰጥታ ወደ አቮካዶዋ ተመለሰች።

ተነሥታ ወደ ዋስትና ክፍሉ ሄደች።

ክፍሉ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። የተቀበሏት ሹም አቶ ዘርጋው ይባላሉ፤ ሻያቸውን በሳህን ከድነው የሚያስቀምጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። አምባሯን አስነበቡና ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞሩላት።

"ይኸውልዎት። ዋስ፣ ሐመልማል አበጋዝ። ተጓዦች፣ ሶስና፣ ቃለአብ፣ ምንተስኖት። የፈረሙት ጥር 9፤ ከክፍለ ከተማ አለመውጣቱ የሚጀምረው ግን ከጉዞው ሦስት ቀን ቀድሞ ነው።"

"እኔም እሄዳለሁ እኮ። አራት ነን።"

አቶ ዘርጋው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። "ወይዘሮ ሐመልማል፣ የተያዘው ቤት ሦስት አልጋ ነው ያለው።"

"አራት ነው። አንዱ መስኮቱ ሥር ነው።"

"ሦስት ነው የሚለው። የተያዘው ደግሞ መስከረም 2 ቀን ነው።"

የመጀመሪያው ሐሙስ መስከረም 11 ነበር። ቀን መያዝ ሥራዋ ነው፤ ይህን ለማስላት ጣቷን አላጠፈችም። እጣውን የጣሉት በሌለ አልጋ ነው። ያኮረፈችው፣ ሶስና የተቆጣችው፣ ምንተስኖት ያስታረቃቸው፣ በሌለ አልጋ ነው።

"ግን ለምን?" አለች። "ዋስ ሁኚን ቢሉኝ እሆን ነበር። ምን አስዋሻቸው?"

"እሱ ስበቱ ነዋ" አሉ አቶ ዘርጋው፣ ለሠርገኛ ምሥራች እንደሚነግር ሰው ፊታቸው በርቶ። "ማንንም ዋስ አድርገን አንቀበልም። ተጓዦቹ ዋሱን የሚወዱት ከሆነ ነው የሚመለሱለት። ከዘጠና በላይ ካልሳበ ደሴቲቱ አትቀበልም። የእርስዎን ይመልከቱ! ዘጠና አንድ! እኔ ባለቤቴ ዋስ ብትሆነኝ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ስልሳ አራት ነው የወጣልን።"

"ከምን ተነሥቶ ነው ዘጠና አንድ የሚለው?"

"ከስምንቱ ወር ነዋ። ሐሙስ ሐሙስ አብራችሁ የሳቃችሁት፣ የተደዋወላችሁት፣ ገንዳ ዳር ቆመው ያጨበጨቡልዎት። ስለ አልጋው የተጣላችሁትም አለ፤ ጠብም ይቆጠራል። ከማይወደው ሰው ጋር ማን ስለ አልጋ ይጣላል?" ሻያቸውን ገለጡ። "በወዳጅ ታድለዋል።"

ሐመልማል ሰሌዳውን ወደ ሹሙ መልሳ አዞረች። ከዚያ ካልተመለሱ ምን እንደሚሆን ጠየቀች፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። ብሎክ 9 ያሉት ጋሽ ደበላ ለወንድማቸው ዋስ ከሆኑ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በየጠዋቱ እስከ ድልድዩ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ድልድዩ የክፍለ ከተማው መጨረሻ ነው፤ እዚያ ቆመው ማዶውን ያዩና ይመለሳሉ። የልጃቸው ሠርግ ማዶ ነበር የተደገሰው።

"የአውሮፕላኑ በር እስኪዘጋ ዋስትናዎን ማንሳት ይችላሉ" አሉ አቶ ዘርጋው። "ያነሱ እንደሆነ እነሱ አይሄዱም። እርስዎም ለሦስት ዓመት ፈቃድ አይጠይቁም። ደሴቲቱ እስከዚያ፣ እንግዲህ..." እጃቸውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ውኃ ሲውጥ አሳዩ። "ግን ለምን ያነሳሉ? ዘጠና አንድ እኮ ነው።"

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ትሰማለች እንጂ በእሷ ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም። ከክፍሉ እንደወጣች ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ቀረሽሳ? ዓይኔ ስር ስሩን በላኝ እኮ።"

"አውቶቡሱ ተበላሸ እማዬ።"

"ታዲያ ነገ ትመጫለሽ?"

ሐመልማል ለእናቷ ዋሽታ አታውቅም ነበር። "አያለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋች፤ ጠብታው በእጇ ሞቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ወጣች። በሩን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ መልስ ሳትጠብቅ ከፍታ ገባች። ሦስቱም አሉ። ቃለአብ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ሊያስከድነው ይታገላል። ሶስና ልብስ ታጥፋለች። ምንተስኖት መስኮቱ ጋ ቆሟል።

"መጣችልን ዋናተኛዋ!" አለ ቃለአብ።

"ሦስት አልጋ ነው" አለች ሐመልማል።

ማንም ምኑ አላለም። ምንተስኖት "ማን ነገረሽ?" አለ፤ ከዚያ የተናገረውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

"ሐሚዬ፣ ተቀመጪ" አለች ሶስና። "ልንነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ።"

"ማክሰኞ ስንት ሰዓት?"

"ከተሳፈርን በኋላ" አለ ምንተስኖት፣ ፊቱን ሳያዞር።

"አንተ ዝም በል!" ሶስና ልብሱን ጣለችና የሐመልማልን ሁለት እጆች ያዘች። "ስሚኝማ። ዋሱ ካወቀ ስበት አይወጣም። ብታውቂ ታኮርፊ ነበር፣ ብታኮርፊ ቁጥሩ ይወርድ ነበር። ለዚህ ነው እንጂ አንቺን ለመበደል መሰለሽ?"

"ደግሞ አስመስለን አይደለም ሐሚ" አለ ቃለአብ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። "እውነትም ስቀናል። ገንዳው ጋ እውነትም ደስ ብሎኛል።"

"እሺ፣ የትኛው ነው የእውነቱ? ይኸው ቁጭ አልኩ፣ ለዩልኝ። የመስከረሙ ሳቅ ነው? አልጋ አጣልቶን ሶሲ በንዴት ሳህን ያስቀመጠችበት አኳኋን ነው? ምንቴ ያለቀሰው ነው? አንድ፣ አንድ ብቻ ምረጡልኝና ይዤው ልሂድ።"

ቃለአብ ከሻንጣው ክዳን ጋር እንደገና መታገል ጀመረ። የሚመርጥላት አልነበረም። ሐመልማል ያን ጊዜ ቢዋሿት እንኳን ትወድ ነበር።

"አሥር ቀን እኮ ነው!" አለች ሶስና። "ሄድን መጣን ማለት ነው። ግንቦት አሥር እዚሁ ነን። ለአሥር ቀን ነው ይሄ ሁሉ?"

"እንግዲያው የአባቴ አጥንት ይውጋኝ በይ።"

ሶስና እጇን ለቀቀቻት።

ሶስና መሐላ የማይከብዳት ሰው ናት። ቁርስ በልቻለሁ ለማለት በኪዳነምሕረት ትምላለች። በአባቷ አጥንት ግን ቀልዳ አታውቅም፤ ይህን አራቱም ያውቃሉ። ከታች የሚጫወቱ ሕፃናት ድምፅ ይሰማል። ሐመልማል የጓደኛዋን ዝምታ እያየች አንድ ሌላ ነገር ወደ ልቧ መጣ። የሶስና አባት የሞቱት ሰኔ 12 ነው። የሰባት ዓመት መታሰቢያቸው ግን ሚያዝያ 13 ተደገሰ፤ ሁለት ወር ቀድሞ። ድንኳኑንና አግዳሚውን ያወጣችው ራሷ ሐመልማል ናት። "ሙት ዓመት ይቀደማል እንዴ ሶሲ?" ብትላት "ዝናቡ ሳይገባ ብዬ ነው" ብላት ነበር፤ አምናትም ነበር።

"ለዚህ ነው ያስቀደምሽው" አለች ቀስ ብላ። "ሰኔ ላይ እዚህ የለሽማ።"

"ዝናቡን ፈርቼ..."

"ዝናቡን ተይው!"

ሶስና አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያ ልቅሶ የእውነት ነበር፤ ቢያንስ ሐመልማል እንደዚያ መስሏታል። ደሴቲቱ ስትዘጋ፣ አለች ሶስና፣ በዚያን ዕለት ላይዋ የተገኘውን ሰው ሁሉ አንድ ቀዝቃዛ አገር ተቀብሎ ያሰፍረዋል፤ ነዋሪም ሆነ እንግዳ አይለይም። "አርባ አንድ ነኝ ሐሚ። አርባ አንድ! ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል? ልጄ ጋ መሄድ አልችልም፣ እሷም አትመጣም። ያለችኝ ይቺ በር ናት፣ ይቺም ያለ ዋስ አትከፈትልኝም። አንቺ ሥር አለሽ፤ እናት አለሽ፣ እድር አለሽ፣ ሰው ሁሉ ይወድሻል። እዚሁ ደስተኛ ነሽ! ከዚህ ክፍለ ከተማ ወጥተሽ የት ልትሄጂ ነው?"

"ሰንዳፋ" አለች ሐመልማል።

ሶስና ቀና ብላ አየቻት። የረሳችው እንደሆነ ከፊቷ ይነበብ ነበር፤ ሐመልማልን ደግሞ ይህ መርሳቷ ከሁሉም ይልቅ ጎዳት። ስምንት ወር ሙሉ አልጋ ሲያከፋፍሉ፣ ሥር ሲደምሩ፣ ስበት ሲያሰሉ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ወዲያ አንዲት ዓይናቸውን የታመሙ አሮጊት እንዳሉ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ሐመልማል ወጥታ ደረጃውን ወረደች። ስታልፍ የቃለአብንም የምንተስኖትንም በር መታ መታ አላደረገችም።

እሑድና ሰኞ በሯ ዕረፍት አጣ። ሲወጡ መታ መታ፣ ሲወርዱ መታ መታ። ሶስና በሯ ሥር ብርቱካን አስቀምጣ ሄደች። ቃለአብ "ሐሚ፣ ካለሽ አስሚ" እያለ በቁልፉ ቀዳዳ ቀለደ። ምንተስኖት ብቻ አንድ ጊዜ በሩ ጋ ለረጅም ጊዜ ቆሞ "ይቅርታ" ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ዋስትናውን ማንሳት እንደምትችል ሦስቱም ያውቃሉ። ሐመልማልም ማወቃቸውን ታውቃለች፤ ስለዚህ ከብርቱካኑም፣ ከቀልዱም፣ ከይቅርታውም ምኑ ለእሷ ምኑ ለዋስትናው እንደሆነ መለየት አቃታት። ብርቱካኑን አልበላችም። ዐይኗ እያየ ለመጣልም ሆዷ እምቢ አላት።

ሰኞ ከሰዓት ጋሽ ደበላን ልትጠይቅ ብሎክ 9 ሄደች። ከወንድማቸው ተደዋውለው ያውቁ እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ "መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ነበር" አሉ። "በኋላ በበዓል ሆነ። አልቀየመውም። የምቀየመው እንዲያው፣ ዋስ ሁነኝ ሲለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር።" ከዚያ የሚለብሱት ካፖርት ላይ አቧራ አራግፈው ነገ ጠዋት ወደ ድልድዩ አብራቸው ትሄድ እንደሆነ ጠየቋት።

ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ሻንጣዎቹ ደረጃውን ሲወርዱ ሰማች። በሯን ሁለት ሁለቴ መቱላት፣ ሦስቱም በየተራ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አላየችም።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ አምባሯ ነዘራት።

"ተጓዦችዎ በመሳፈሪያው በር ላይ ናቸው። ዋስትናዎን ያጸናሉ?"

ሐመልማል ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። የዋና ልብሷ ታጥቦ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰጥቷል፤ ዓርብ ዕለት ያጠበችው ነው። ስለ ሶስና አሰበች። እውነት ነው፣ አርባ አንድ ከባድ ነው። ሶስና ልጇን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ፈቃዴን ስጡልኝ የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ ሐመልማል የራሷን አውልቃ በሰጠቻት ነበር፤ ቀርቦ ዓይን ዓይኗን እያየ የጠየቃት ግን አልነበረም። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላና ተመልሶ በረደ።

"ባጸና፣ ቅዳሜ ሰንዳፋ እሄዳለሁ?" አለች አምባሯን።

"አይሄዱም።"

"ባነሳውስ?"

"ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ አውቶቡስ አለ።"

"አንስቻለሁ" አለች።

አምባሩ ምክንያት ጠየቃት። ካላት ይመዝገብ፣ ከሌላት ይታለፍ አላት። አለፈችው።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሦስቱ ከበሩ ሲመለሱ፣ ቃለአብ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመጣ ታያትና ደስ አላት፤ እሰይ አለች በልቧ። ከዚያ ደስ በማለቷ አፈረችና ተነሥታ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው።

ሰባት ሰዓት ላይ አምባሩ እንደገና ነዘራት። "እንኳን ደስ ያለዎት። ተጓዦችዎ በሰላም ወደ ክፍለ ከተማቸው ተመልሰዋል። ስበትዎ ዘጠና አንድ ይሆናል ያልነው ግምት ትክክል ሆኗል። በታማኝ ዋስነትዎ ሥርዎ ሁለት ጨምሮ ዘጠና ደርሷል።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለች ለራሷ። ልትስቅም ቃጣት።

ብዙ ሳይቆይ ከታች የሻንጣ ጎማ ድምፅ ተሰማ። ደረጃው ላይ ድው፣ ድው፣ ድው እያለ ወጣ። ማንም አያወራም። አንደኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ቆመ። ሐመልማል ከበሩ ኋላ ቆማለች፤ በእሷና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ሳንቃ ነው። የሶስናን አተነፋፈስ ታውቀዋለች። የቃለአብን ጫማ ታውቀዋለች። ይሰድቡኝ ይሆናል አለች፤ መሰደብ ፈለገች። ስድብ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ ሶስና "አንቺ ክፉ!" ብላ በሩን በእርግጫ ብትለው፣ ሐመልማል ከፍታ ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል።

መታ መታ አለ በሩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና መታ መታ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከሁሉም ቀስ ብሎ፣ መታ መታ።

ከዚያ ሻንጣዎቹ ወደ ላይ ወጡ።

ከመሳፈሪያው በር የተመለሰ ተጓዥ ሥሩ እንደሚወርድ ሰው ሁሉ ያውቃል። እነሱም ከዛሬ ጀምሮ ሥራቸውን አንድ አንድ እያሉ መልሰው መልቀም አለባቸው፤ የጎረቤት ሰላምታም ይቆጠራል።

ሐመልማል አምባሯን አየች። "ሦስት የጎረቤት ሰላምታ ደርሶዎታል" ይላል። ለእሷ ይሁን ለአምባሩ ያንኳኩት አላወቀችም፤ ከእንግዲህ የምታውቅበትም መንገድ የለም። የዓይን ጠብታውን ከመስኮቱ ላይ አነሳችና ለቅዳሜ በቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩን አልከፈተችም።